ዳገቱ ላይ የሚያስቆመን ምንድን ነው? ስለ ልብና ደም ሥር ብቃት

ከቀሃ ወንዝ ተነስቶ ወደ ቁስቋም የሚያወጣውን ዳገት ጎንደር ያደገ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። እናቴ በዚህ መንገድ 40 ዓመት በእግሯ ተመላልሳለች። ባጃጅ ከመጣ ወዲህ ግን ቀስ በቀስ ተወችው፤ መጀመሪያ ሸክም ሲኖራት ብቻ ትሳፈር ነበር፣ ቀጥሎ ዝናብ ሲሆን፣ በኋላ ሁልጊዜ። አምና ኅዳር 6፣ የቁስቋም ንግሥ ዕለት፣ መንገዱ በሕዝብ ተሞልቶ ባጃጅ አላሳልፍ ሲል አብረን በእግራችን ወጣን። አራት ጊዜ ቆመች። ሦስተኛው ላይ የድንጋይ አጥር ተደግፋ፣ ነጠላዋን ከአንገቷ እያላላች፣ «ኧረ ቆየኝ ልጄ፣ ልቤ በአፌ ሊወጣ ነው» አለችኝ። እግሯን አላመማትም፤ ጉልበቷም ደህና ነው። ያስቆማት ትንፋሽ ነው።

ቤት ስንደርስ ምን እንደሆነ ብጠይቃት «እርጅና ነዋ!» አለች። ግማሹ እውነት ነው፤ ዕድሜ የራሱን ድርሻ ይወስዳል። ቀሪው ግማሽ ግን ሥራ የፈታ ልብ ነው። የሰውነት ማጎልመሻ አስተማሪ ስለሆንኩ ይህ ጥያቄ ከተማሪዎቼ ይልቅ ከወላጆቻቸው ይመጣብኛል። «ስፖርት ለልብ ጥሩ ነው» የሚለውን ሁሉም ሰምቶታል። ልብ ውስጥ ምን እንደሚለውጥ፣ ለምን ዕድሜ እንደሚያራዝም፣ ስንት እንደሚበቃ ግን የነገራቸው ሰው የለም።

«የልብና የደም ሥር ብቃት» ሲባል ምን ማለት ነው?

ጡንቻ ሲሠራ ኦክስጅን ይፈልጋል። ኦክስጅኑ ከአየር ወደ ሳንባ፣ ከሳንባ ወደ ደም ይገባል። ደሙን ልብ ይገፋዋል፣ ደም ሥሮች እስከ ጡንቻው ደጃፍ ያደርሱታል፣ ጡንቻው ደግሞ ተቀብሎ ከምግብ ያገኘውን ስኳርና ስብ ያቃጥልበታል። ይህ ቅብብሎሽ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ቢበዛ ምን ያህል ኦክስጅን አድርሶ መጠቀም ይችላል? መልሱ የዚያ ሰው የልብና የደም ሥር ብቃት ነው። እንግሊዛዊው ኤ. ቪ. ሂል ከባልደረባው ከሃርትሊ ላፕተን ጋር እ.ኤ.አ. በ1923 ሯጮች የሚተነፍሱትን አየር በከረጢት እየሰበሰቡ ሲለኩ፣ ሩጫው ቢፈጥንም የኦክስጅን ፍጆታው ከአንድ ጣሪያ እንደማያልፍ አዩ። ያ ጣሪያ ዛሬ ቪኦ ቱ ማክስ ይባላል።

የከተማችንን ውሃ አስቡት። የአንገረብ ግድብ ጢም ብሎ ቢሞላ እንኳ ፓምፑ ከደከመ ወይም መስመሩ ከጠበበ ከፍታ ላይ ያለው ሰፈር ጀሪካን ይዞ መጠበቁ አይቀርም። ሳንባ ግድቡ ነው፤ ልብ ፓምፑ፤ ደም ሥር መስመሩ፤ ጡንቻ ጀሪካን ይዞ የሚጠብቀው ቤተሰብ። ትንፋሽ ሲያጥረን ሳንባችንን እንወቅሳለን፤ በጤነኛ ሰው ላይ ግን ግድቡ ብዙ ጊዜ ከበቂ በላይ ነው። የሚያንሰው ፓምፑ የሚገፋው መጠን ነው። እናቴን አጥሩ ላይ ያስደገፋት ይኸው ነው፤ እግሯ የጠየቀውን ያህል ልቧ ማድረስ ስላልቻለ ሰውነቷ «ቁሚ» አላት።

ልብ በእንቅስቃሴ ምኑ ይለወጣል?

ቁጭ ብለን ስናወራ ልብ በአንድ ምት የሚረጨው ደም 70 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፤ አንድ የቡና ሲኒ በሉት። በደቂቃ 70 ጊዜ ቢመታ 5 ሊትር ያህል ይሆናል፤ ያ የዘይት ጀሪካን በየደቂቃው ይሞላል ማለት ነው። በቀን ስናሰላው 7,000 ሊትር ይደርሳል። 20 ሊትር በሚይዘው ቢጫ ጀሪካን ከ350 በላይ ነው፤ አንድ ቡጢ የሚያህል ሥጋ ሌት ተቀን ሳያርፍ የሚቀዳው።

ዳገት ስንጀምር ይህ 5 ሊትር አይበቃም። ስፖርት የማይሠራ ጤነኛ ሰው አቅሙ እስኪያልቅ ቢሮጥ በደቂቃ ወደ 20 ሊትር ሊደርስ ይችላል። የዓለም ደረጃ ሯጮች ከ35 ሊትር በላይ ያልፋሉ። ልዩነቱ ከየት መጣ? ብዙ ሰው የሯጭ ልብ ፈጥኖ የሚመታ ይመስለዋል። አይደለም። ልብ ቢበዛ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚመታ የሚወስነው በዋናነት ዕድሜ ነው፤ ስፖርት ያንን ከፍ አያደርገውም። ስፖርት የሚያሳድገው ሲኒውን ነው። ልብ ደጋግሞ ብዙ ደም ሲቀበል ክፍሉ ይሰፋል፣ ግድግዳው ይጠነክራል፣ የደሙም መጠን ይጨምራል፤ ሲኒ የነበረው ብርጭቆ ይሆናል።

ትርፉ ሩጫ ላይ ብቻ አይታይም። በአንድ ምት 100 ሚሊ ሊትር የሚረጭ ልብ፣ ባለቤቱ ተኝቶ እያለ፣ ያንኑ 5 ሊትር በ50 ምት ያደርሰዋል። በደቂቃ 20 ምት ተረፈ፤ በቀን 28,800 ምት። የጠንካራ ስፖርተኛ ልብ እረፍት ላይ በደቂቃ 50 ወይም ከዚያ በታች ሲመታ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎች የማያውቁት አንድ ነገር አለ። ልብ ውስጡን ሞልቶ በሚያልፈው ደም አይመገብም። የራሱ ቀጫጭን ደም ቅዳዎች አሉት፤ ከውጭ አቅፈውት ወደ ሥጋው ይገባሉ። ልብ በተኮማተረ ቁጥር እነዚህ ደም ሥሮች ይጨመቃሉ፣ በተለይ በግራው፣ ብዙ በሚሠራው ክፍል። ስለዚህ ልብ አብዛኛውን ምግቡን የሚያገኘው በምትና በምት መካከል፣ ዘና ባለባት ቅጽበት ነው። የድግስ ቀን ጓዳ ያለችውን ሴት አስቡ፤ ለመቶ ሰው እንጀራ ስታቀርብ ውላ ራሷ የምትጎርሰው እንግዳው ጋብ ሲልላት ብቻ ነው። ምቱ ሲረጋጋ ያቺ ፋታ ትረዝማለች። ረጋ ብሎ የሚመታ ልብ የሚጠግብ ልብ ነው።

ደም ሥሮችስ ምን ይሆናሉ?

ከአዲስ ከመነዳሪና ፀሐይ ላይ ከርሞ ከተሰነጣጠቀ ከመነዳሪ የትኛው ላይ አየር ብትነፉ ትደፍራላችሁ? ጤነኛ ደም ቅዳ ልብ በገፋ ቁጥር ተለጥጦ ይቀበላል፣ ከዚያ መልሶ ይሰበሰባል። በዕድሜ፣ በሲጋራ፣ በስኳር በሽታ፣ በግፊትና ሥራ በመፍታት ሲደርቅ ግን አይለጠጥም። ያኔ ልብ በደረቅ ቱቦ ላይ መግፋት ይኖርበታል፤ የደም ግፊትም ይጨምራል።

የደም ሥር ውስጠኛ ሽፋን እንደ ቧንቧ ግድግዳ ዝም ብሎ የተቀመጠ ነገር አይደለም። ደም በፍጥነት ሲፈስበትና ሲያሸው ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል ጋዝ ይሠራል፤ ይህ ጋዝ በዙሪያው ያለውን ጡንቻ ዘና አድርጎ መንገዱን ያሰፋዋል። ይህን ያገኙት ሦስት አሜሪካውያን ሳይንቲስቶች፣ ፈርችጎት፣ ኢግናሮና ሙራድ፣ እ.ኤ.አ. በ1998 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። ዳገት በወጣን ቁጥር ደማችን ሽፋኑን እያሸ ያልፋል፣ ሽፋኑም ጋዙን የመሥራት ልምዱን አይረሳም። በሚሠራ ጡንቻ ውስጥ ደግሞ ከፀጉር የቀጠኑ አዳዲስ ደም ሥሮች ይበቅላሉ፤ መስመር ያልደረሰው ሰፈር ቧንቧ ገባለት ማለት ነው። ጡንቻ በሚንቀሳቀስበት ሰዓት ስኳርን ከደም በቀጥታ ስለሚወስድ ለስኳር ሕመምተኞችም እርዳታው ትልቅ ነው።

ከዕድሜ ጋር ምን አገናኘው?

በዓለም ጤና ድርጅት ግምት እ.ኤ.አ. በ2019 በልብና ደም ሥር በሽታዎች 17.9 ሚሊዮን ሰው ሞቷል፤ በዚያ ዓመት ከሞተው ከሦስት ሰው አንዱ ገደማ ነው። እንቅስቃሴና ልብ መገናኘታቸውን በቁጥር ካሳዩት ቀደምት ጥናቶች አንዱ የተሠራው አውቶብስ ላይ ነው።

ጄሪ ሞሪስ የሚባል ሐኪም ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የለንደንን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶብስ ሠራተኞች አጠና። ሹፌሩ ቀኑን ሙሉ ይቀመጣል፤ ትኬት ቆራጩ በቀን በመቶዎች የሚቆጠሩ ደረጃዎች ይወጣል፣ ይወርዳል። ሁለቱም የሚኖሩት አንድ ከተማ፣ የሚሠሩትም ለአንድ መሥሪያ ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 በወጣው ጥናቱ የልብ በሽታ ሹፌሮቹን ይበልጥ ያጠቃ እንደነበር፣ ቆራጮቹን ሲይዝም ቀለል እንደሚል አሳየ። «ድሮውንም ወፍራሞቹ ሹፌር ሆነው ይሆናል» ያሉት ነበሩ። ሞሪስ የደንብ ልብሳቸውን የወገብ ልክ መዝገብ አውጥቶ አየ፤ እርግጥ ሹፌሮቹ ወፈር ይላሉ፣ ግን እኩል ወገብ ያላቸው ሲነጻጸሩም ሹፌሮቹ የበለጠ ይታመሙ ነበር። ከአዘዞ ፒያሳ በሚመላለሰው ሚኒባስ ውስጥ ሹፌሩንና ረዳቱን ባየሁ ቁጥር ይህ ጥናት ትዝ ይለኛል። ረዳቱ ይዘላል፣ ይሮጣል፣ ይጣራል። ሹፌሩ ከንጋት እስከ ማታ መሪ ላይ ነው።

ሁለተኛው ጥናት ደግሞ እኔን ከሁሉ በላይ ያስደነገጠኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 በአሜሪካ ዳላስ ከተማ አምስት የ20 ዓመት ጤነኛ ወጣቶች ለሦስት ሳምንት ከአልጋ ሳይነሱ እንዲተኙ ተደረገ። ሲነሱ ያ የኦክስጅን ጣሪያቸው ከሩብ በላይ ወርዶ ተገኘ። በስፖርት መለሱት። ከ30 ዓመት በኋላ እነዚያው ሰዎች በ50 ዓመታቸው ተጠርተው ሲለኩ፣ አምስቱም በ20 ዓመታቸው ከአልጋ በተነሱበት ቀን ከነበሩበት የባሰ ላይ አልነበሩም። ሦስት ሳምንት መተኛት 30 ዓመት ከማርጀት ይልቅ ልብን ጎድቶታል ማለት ነው። በእኛ ባህል የታመመ ሰው «ተኛ፣ አትነሳ» ይባላል፤ የወለደችም፣ ቀዶ ጥገና የተደረገለትም። ሐኪም ካዘዘው በላይ መተኛት ግን ራሱ ጉዳት ያመጣል። ዛሬ ሆስፒታሎች ከቀዶ ጥገና የወጣን ሰው ቶሎ አስነስተው የሚያስኬዱት አንዱ በዚህ ምክንያት ነው።

ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ አንድ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት ከ6,000 በላይ ወንዶችን የመሮጫ ማሽን ላይ አውጥቶ ለክቶ፣ ከዚያ ለዓመታት ተከታተላቸው። መለኪያው ሜት ይባላል። 1 ሜት ማለት ዝም ብሎ ሲቀመጡ የሚወጣው ጉልበት ነው፤ ዘና ያለ እርምጃ 3 ሜት ያህል ይፈልጋል፣ ዳገት ደግሞ ከዚያ እጥፍና በላይ። አቅማቸው በ1 ሜት በጨመረ ቁጥር በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው በ12 በመቶ ይሻል ነበር። የልብ ሕመም ያለባቸውም ሆኑ የሌለባቸው በዚህ ተመሳሳይ ነበሩ። የአሜሪካ የልብ ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2016 የልብ ብቃት እንደ ደም ግፊትና ሙቀት ክሊኒክ ውስጥ ሊለካ የሚገባው ነገር ነው ብሏል።

እኛ ደገኞች አይደለንም እንዴ?

ይህን ጥያቄ ጎንደር ውስጥ የማይጠይቅ የለም። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር ከፍ ትላለች፤ በአንድ ትንፋሽ የምንስበው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ካለ ሰው በአምስት አንድ እጅ ያህል ያንሳል። አያቶቻችንም ዳገት ላይ ኖረዋል። «ደማችን ለምዶታል» ይባላል።

እውነት አለው። ሲንቲያ ቢል የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምራ እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱን አውጥታለች። በዚያ ከፍታ የአንዲስ ተራራ ሰዎች ደም ይወፍራል፤ የቲቤት ሰዎች በደማቸው ያለው ኦክስጅን ዝቅ ይላል። የእኛ ሰዎች ግን ሁለቱም አልታየባቸውም፤ ደማቸው ባሕር ዳርቻ ከሚኖር ሰው ጋር ይቀራረብ ነበር። የሚያኮራ ነገር ነው።

ነገር ግን የተለካው የደም ይዘት ነው፤ የልብ ሲኒ አይደለም። ከተራራው ሰዎች ደም ጀርባ ብዙ ሺህ ዓመት አለ፤ የልብ ጥንካሬያቸው ግን የሚመጣው ዕለት ዕለት ከብት እየነዱ፣ እንጨት ተሸክመው ገደል ሲወጡ ሲወርዱ ነው። ደሙን ከአያቶቻችን ወረስን፣ ዳገቱን ለባጃጁ ሰጠነው። ክፍል ውስጥ በዓይኔ የማየው ነው። አሥራ ሁለት ደቂቃ ሳስሮጥ፣ ከወለቃ አቅጣጫ በእግራቸው የሚመጡት ልጆች ሲጨርሱ ያወራሉ፤ ከትምህርት ቤቱ በር በባጃጅ የሚወርዱት ሜዳው ላይ ይዘረጋሉ። ሁሉም ያደጉት አንድ ከፍታ ላይ ነው።

ቀጭን ነኝ፤ እኔንም ይመለከተኛል?

ይመለከታል። ውፍረትና የልብ ብቃት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ዳላስ በሚገኘው ኩፐር ተቋም በብዙ ሺህ ወንዶች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣ ጥናት፣ ብቃት የሌላቸው ቀጫጮች ብቃት ካላቸው ወፍራሞች ይልቅ ለሞት የተጋለጡ ሆነው አግኝቷቸዋል። ውፍረት ችግር የለውም ማለት አይደለም። ሚዛን ላይ ወጥቶ «እኔ ደህና ነኝ» ማለት ግን ጥያቄው ያልተጠየቀ መልስ ነው። ላብም እንዲሁ ነው፤ ወፍራም ጃኬት ወይም ላስቲክ ለብሶ መሮጥ ውሃ ያስወጣል እንጂ ለልብ የሚጨምርለት የለም፤ ሙቀት ላይ ያደክማል፣ ያዞራልም።

ስንት ይበቃል? በምንስ አውቃለሁ?

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች የሚመክረው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ጠንከር ያለ ነው። ከዚህ ጋር በሳምንት ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ ይጨመራል። 150 ደቂቃ በአምስት ቀን ሲካፈል በቀን ግማሽ ሰዓት ነው። ደቂቃውን መከፋፈልም ይቻላል፤ ጠዋት አሥር፣ ማታ ሃያ። ውሃ ቀድቶ ዳገት መውጣትም፣ እርሻም ይቆጠራል፤ ልብ ጂም ይሁን ማሳ አይለይም።

«መካከለኛ» የሚለውን ለመለየት መሣሪያ አያስፈልግም። እየሄዱ ማውራት ከቻሉ፣ መዝፈን ግን ካቃተዎት መካከለኛው ላይ ነዎት። መዝፈን ከቻሉ ትንሽ ይፍጠኑ። ሁለት ሦስት ቃል ተናግረው መተንፈስ ካስፈለገዎት ጠንከር ያለው ውስጥ ገብተዋል። እስክስታ የሚወድ ሰው ይህን በሰርግ ያውቀዋል፤ መጀመሪያ ከአዝማሪው ጋር ይቀበላል፣ ከቆይታ በኋላ ትከሻው ብቻ ይናገራል። ሃያ ደቂቃ ሳያቋርጡ እስክስታ መውረድ ለልብ የተሟላ ሥራ ነው፤ ይህን ስናገር የሚስቁ አሉ፣ እኔ ግን የምሬን ነው።

የስቅለት ዕለት ስግደት ላይ የቆመም ሰው የልቡን ልክ ያውቃል። ስግደት ጸሎት እንጂ ስፖርት አይደለም፤ ቢሆንም ዓመቱን ሙሉ ቁጭ ብሎ የከረመ ሰው ገና በመጀመሪያዎቹ ስግደቶች ትንፋሽ ሲያጥረው፣ ከጎኑ ያሉት አዛውንት በእርጋታ ይቀጥላሉ። እሳቸው በየዕለቱ የሚሰግዱ ናቸው።

በቤት የሚደረግ ልኬት ደግሞ ይኸው። ጠዋት ከአልጋ ሳይወርዱ ሁለት ጣት በአውራ ጣት በኩል ባለው የእጅ አንጓ ላይ አሳርፈው ሙሉ አንድ ደቂቃ ምት ይቁጠሩ። የአዋቂ ሰው በአብዛኛው ከ60 እስከ 100 ባለው ውስጥ ይሆናል። ቁጥሩን ከነቀኑ ግድግዳ ላይ ባለው ካላንደር ይጻፉት። ከሁለት ሦስት ወር መደበኛ እርምጃ በኋላ ብዙ ሰው ላይ ዝቅ ይላል። ሁለተኛው ልኬት አንድ የታወቀ ዳገት መምረጥ ነው፤ ወደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ወይም ወደ ጎሃ የሚወስደው ይሆናል፤ ስንት ጊዜ እንደቆሙና ስንት ደቂቃ እንደፈጀ መያዝ። ሐኪሞችም ከከባድ ቀዶ ጥገና በፊት «ሁለት ፎቅ ደረጃ ሳይቆሙ ይወጣሉ?» ብለው የሚጠይቁት ተመሳሳዩን ነገር ለማወቅ ነው።

አጀማመሩ ዝግ ይበል። ለጀማሪ ሜዳ ላይ አሥር ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ በቂ ነው፤ በየሳምንቱ ጥቂት ደቂቃ ይጨመራል፤ ከወር በኋላ ዳገት፤ የፈለገ ደግሞ ሶምሶማ። መጀመሪያ ላይ ለውጡ ቶሎ ይታያል፤ የደም መጠን በሁለት ሳምንት ውስጥ ይጨምራል፣ የልብና የደም ሥሩ ለውጥ ግን ወራት ይፈልጋል። መጥፋቱም እንዲሁ ፈጣን ነው። ሁለት ሳምንት ካቆሙ ብቃቱ መውረድ ይጀምራል። ለዚህ ነው ክረምቱ የሚጎዳን። ሐምሌና ነሐሴ ጎንደር ጭቃ ናት፤ ሰኔ ላይ በርትቶ የነበረ ሰው መስከረም ላይ ከዜሮ ይነሳል። በዝናብ ቀን ቤት ውስጥ ገመድ መዝለል፣ አንድ እርከን ደረጃ ላይ ደጋግሞ መውጣትና መውረድ ያተረፉትን ይጠብቃል።

ግፊት አለብኝ፣ ዕድሜዬም ገፍቷል፤ ቢቀርብኝስ?

እናቴ ግፊት እንዳለባት የታወቀው ከዚያ ኅዳር በኋላ ነው። ጤና ጣቢያ ስትለካ 150 በ92 ሆነ። 140 በ90 እና ከዚያ በላይ ሆኖ በተለያየ ቀን ከተደጋገመ ከፍተኛ የደም ግፊት ይባላል፤ ብዙ ጊዜ ምንም ምልክት የለውም። የመጀመሪያ ቃሏ «እንግዲህ ማረፍ ነው» የሚል ነበር። ነገሩ በተቃራኒው ነው። ግፊት ላለበት ሰው መደበኛ እርምጃ የላይኛውን ቁጥር ከ5 እስከ 8 ያህል ዝቅ ሊያደርግለት ይችላል፤ ይህ ከአንዳንድ መድኃኒት የማይተናነስ ነው። መድኃኒቱን ግን አይተካም፤ ያግዘዋል። ሐኪም ሳያውቅ ክኒን ማቆም ለስትሮክ በር መክፈት ነው።

መድኃኒቷን ጀመረች፣ ወጥ ላይ ጨው ቀነሰች፣ ጠዋት ጠዋት ከቅዳሴ መልስ ሜዳ ሜዳውን ትሄድ ጀመር። ከጎረቤቷ ጋር ነው የሚሄዱት፤ ብቻዋን ቢሆን ኖሮ በሳምንቱ ትተወው ነበር ብዬ አምናለሁ። ሚያዝያ ላይ 136 በ84 ተለካች። ከሦስቱ የትኛው ስንቱን እንዳወረደው መለየት አይቻልም። ዳገቱ ላይ ግን መድኃኒቱ አልተሸከማትም፤ ከአራት መቆም ወደ አንድ ወርዳለች።

ለእንደዚህ ዓይነት ሰው ሁለት ጥንቃቄ አለ። ግፊቱ 180 በ110 እና ከዚያ በላይ ከሆነ መጀመሪያ በሐኪም ይውረድ፣ እንቅስቃሴው ከዚያ በኋላ ይጀመር። ሌላው፣ አቴኖሎልና የእሱ ዘመድ የሆኑ መድኃኒቶች የልብን ምት ይይዙታል። እነዚህን የሚወስድ ሰው ቢደክም እንኳ ምቱ ብዙ አይጨምርም፣ ስለዚህ ምት ቆጥሮ «ገና ነኝ» እያለ ራሱን እንዳይጎዳ። እሱ የሚመራው በንግግሩ ነው፤ ማውራት ካቃተው ይቀንስ።

መቼ ነው ቆሜ ሐኪም ጋ የምሄደው?

ዳገት ላይ ማለክለክ፣ ላብ፣ የልብ ፈጥኖ መምታት የተለመዱ ናቸው፤ ቆም ሲሉ በጥቂት ደቂቃ ይረጋጋሉ። የማይለመዱት እነዚህ ናቸው፦ ደረትን እንደ ድንጋይ የሚጫን ወይም የሚያቃጥል ሕመም፣ በተለይ ወደ ግራ ክንድ፣ ወደ አገጭ ወይም ወደ ጀርባ የሚሄድ፤ እየተንቀሳቀሱ ራስን መሳት፤ ማታ ጋደም ሲሉ ትንፋሽ አጥሮ መነሳት፤ የእግር ማበጥ። ደረቱ የተጫነ ሰው ቆም ብሎ በደቂቃዎች ውስጥ ካልተሻለው «ብርድ ነው» ብሎ ዝንጅብል እያፈላ አይጠብቅ፤ ወደ ሆስፒታል ይሂድ።

በቃላችን ላይ አንድ መደባለቅ አለ። «ልብ ድካም» ስንል ሁለት ነገር አንድ ላይ እንጠራለን። አንዱ ልብን የሚመግበው ደም ሥር ድንገት ተዘግቶ የልብ ሥጋ ሲሞት ነው፤ ይህ በደቂቃዎች የሚቆጠር ድንገተኛ ነገር ነው። ሌላው ልብ በጊዜ ብዛት ደክሞ በቂ ደም መግፋት ሲያቅተው ነው፤ እግር የሚያብጠውና ማታ ትንፋሽ የሚያጥረው በዚህኛው ነው። ሐኪም ጋ ስትሄዱ «ልብ ድካም አለብኝ» ከማለት ምልክቱን መናገር ይሻላል፤ መቼ እንደጀመረ፣ ምን ሲሠሩ እንደሚመጣ።

በአገራችን ደግሞ በስብ ከሚዘጋው የደም ሥር ሌላ፣ ገና በልጅነት የሚጀምር የልብ ችግር አለ። በባክቴሪያ የሚመጣ የጉሮሮ ሕመም በወቅቱ ካልታከመ፣ በአንዳንድ ልጆች ላይ የሰውነት መከላከያ በስህተት የራሱን የልብ በሮች ያጠቃል፤ በሮቹ ይጠባሉ ወይም አይገጥሙም። ሩማቲክ የልብ በሽታ የሚባለው ይህ ነው። እንደዚህ ዓይነት ልጅ ሜዳ ላይ ከጓደኞቹ ቀድሞ ይደክማል፣ ከንፈሩ ሊጠቁር ይችላል፣ አስተማሪው ደግሞ ሰነፍ ይለዋል። እኔም አንድ ጊዜ አንዲትን ልጅ «ሩጪ እንጂ» ብዬ ገፋፍቻታለሁ፤ በኋላ ተመርምራ የልቧ በር የጠበበ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ ከእኩዮቹ በጣም ቀድሞ የሚያለከልክ ልጅ ሳይ፣ ከማስሮጤ በፊት ወላጁን ጠርቼ እንዲያስመረምር እነግረዋለሁ። ልጅ ጉሮሮውን አሞት ትኩሳት ሲይዘው እንጥል ወደምትቆርጥ ሴት መውሰድ በእኛ አካባቢ ገና አልቀረም። እንጥሉ ምንም አላጠፋም፤ መቁረጡ ደም ያፈሳል፣ ሌላ ኢንፌክሽን ያስገባል፣ ባክቴሪያውም ከነሕይወቱ ይቀራል። ባክቴሪያውን የሚገድለው እንደ ፔኒሲሊን ያለ መድኃኒት ነው፤ ከጤና ጣቢያ ተሰጥቶ፣ «ተሽሎታል» ተብሎ ሳይቋረጥ፣ እስከ መጨረሻው የሚወሰድ።